መዝሙሩን ለጉባኤው ልቀቁለት

ይህን የምጽፈው አምልኮ ለምትመሩ ነው። ትልቅ መድረክ ላይ ቁሙ ወይም ረቡዕ ማታ ሳሎን ውስጥ በአንድ ጊታር የሰፈር ህብረት አስዘምሩ፣ ልዩነት የለውም። ኪቦርድ የምትጫወቱና ሚክሰር ላይ የምትቀመጡም አንብቡት፤ ግማሹ ነገር ያለው እናንተ እጅ ላይ ነው። የማወራው ስለ እኛው ስለ አማርኛ የወንጌል መዝሙር ነው። አልፎ አልፎ ከጥቁር አሜሪካውያን ጎስፕል የምንማረውንም አነሳለሁ።

በአጭሩ፣ መዝሙር ሰውን የሚይዘው ሰውየው ራሱ ሲዘምረው ነው። ዘማሪ ሲዘምርለት ደስ ይለዋል፣ ያለቅስም ይሆናል፣ "ድምፁ እንዴት ይባርካል" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ራሱ ሲዘምረው ግን ቃሉ ከአፉ ወጥቶ በጆሮው ይመለሳል፣ ትንፋሹ ከጎኑ ካሉት ሰዎች ትንፋሽ ጋር ይገጥማል፣ ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ ያ አዝማች ሳይጠራው ይመጣለታል። የሰው ስም የጠፋባቸው፣ ልጆቻቸውን እንኳ ለመለየት የሚቸገሩ አረጋውያን በወጣትነታቸው የዘመሩት መዝሙር ሲነሳላቸው እስከ መጨረሻው ስንኝ ሲወጡት አይቻለሁ። ከሰሙት ስብከት አንዱን ንገሩን ብትሏቸው አይሆንላቸውም።

ታዲያ ጉባኤው እየዘመረ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? እጅ ማንሳቱ አይነግራችሁም። አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከማይኩ ራቅ በሉ። ድራሙ ይቁም። ኪቦርዱ አንድ ድምፅ ብቻ ይያዝ። የሕዝብ ድምፅ ከሰማችሁ መልካም። የምትሰሙት ከፊት የቆመውን ኳየር ብቻ ከሆነ፣ ከኋላ ያለው ሰው ኮንሰርት እያየ ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ከኋላ የቆመ ሰው ስለማስዘመር ነው።

ግጥሙን ያለ ዜማ አንብቡት

መዝሙር ስትመርጡ መጀመሪያ ስልኩን ዝጉት። ግጥሙን በእጃችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ሳታዜሙ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዜማ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ጥሩ ቤዝ ጊታርና አንጀት የሚበላ ድምፅ ካለ ባዶ ግጥም አምስት ደቂቃ ይሄዳል፣ ማንም አይነቃበትም። ወረቀት ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ስታነቡት ለማን እንደሚነገር ተመልከቱ። ለእግዚአብሔር ነው? ለነፍሴ ነው? ለወንድሜ ነው? ወይስ ለጠላቴ? ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ምን አለ? አንዳንዱ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ እኔ፣ ስለ ከፍታዬ፣ ስለ ተራዬ አውርቶ እግዚአብሔርን መጨረሻ ላይ ለምስጋና ብቻ ይጠራዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ዛሬ ጠዋት ሥራ አጥቶ የመጣ ሰው ይህን ሳይዋሽ ሊዘምረው ይችላል?

ስለ ጠላት ትንሽ ላውራ። የናቁኝ አዩኝ፣ የጠሉኝ አፈሩ የሚል መዝሙር በዝቷል። መዝሙረ ዳዊት ውስጥም ጠላት ሞልቷል፣ አውቃለሁ። ግን ሰዉ ያንን ሲዘምር ፊቱን እዩት። ሰይጣንን እያሰበ አይደለም። አለቃውን ነው። አማቱን ነው። ኪራይ የጨመረችበትን ሴትዮ ነው። መዝሙሩ ሞቅ ያለ ነው፣ ዝላዩም ያምራል፣ ሰውየው ግን ይዞት የገባውን ቂም አሳምሮ ይዞት ይወጣል። እኔ እንዲህ ያለውን ከዝርዝሬ አውጥቻለሁ፣ የማይስማማ ካለ አልጣላውም።

የሚጎድለን ሌላ ነው። የአቤቱታ መዝሙር። ከ150ዎቹ መዝሙራት ብዙዎቹ ልቅሶና አቤቱታ ናቸው። መዝሙር 13 "እስከ መቼ" ብሎ ነው የሚነሳው። መዝሙር 88 ደግሞ በለቅሶ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ ማጽናኛ እንኳ አላስከተለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነገር መድረካችን ላይ የለም። ጉባኤው መሃል ግን ልጇ በባሕር ከወጣ በኋላ ድምፁ የጠፋባት እናት ቆማለች። ድል በድል የሆነ ዝርዝር ስታወርዱባት አፏን ዘግታ ትቆማለች፣ እንደውም እምነት የጎደላት ይመስላታል። ከአራት መዝሙር አንዱ ለእሷ ይሁን። እሷ ስትዘምር ደህና የሆነው ሰው ምንም አይጎዳም፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ያን መዝሙር በአፉ ያገኘዋል።

ቅኝትና ከፍታ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

የእኛ መዝሙር ብዙው አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶች የተሠራ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉበትም። አሁን ኪቦርድ ተጫዋቹ ከዩቲዩብ የተማረውን ኮርድ በሙሉ እዚህ ላይ ሲያፈሰው አስቡት። የፋ ኮርድ ሲይዝ ፋ ገባች፣ የሶል ኮርድ ሲይዝ ሲ ገባች፤ ዜማው የማያውቃቸው ድምፆች ናቸው። ኃጢአት አይደለም፣ ጎበዝ ሰው ከሠራው ያምራል፣ ብዙ ጥሩ መዝሙሮችም እንደዚያው ተቀርጸዋል። ግን ኮርዱ ሲበዛ ትዝታነቱ ይጠፋል፤ እናቶች የሚያውቁት፣ ከልጅነታቸው በጆሯቸው ያለው ነገር ይሄዳል። ሰዉ ለምን እንደቀዘቀዘ ሳያውቅ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ኪቦርድ ላይ ላላችሁ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ በሙሉ ዶና ሶልን ብቻ ይዛችሁ ሞክሩት። ዜማው ብቻውን ይሂድ። ኮርድ መጨመር የምትጀምሩት ሰዉ አዝማቹን ሲይዝ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ከዚህም የባሰ ተጠንቀቁ። እነዚህ ግማሽ ድምፆቻቸው ናቸው አንጀት የሚያላውሱት፣ በሜጀር ኮርድ ከሸፈናችኋቸው ምንም አልቀራቸውም። ክራር ወይም መሰንቆ የሚጫወት ሰው በቸርቻችሁ ካለ ከኳየሩ ጥግ አታስቀምጡት፣ ዜማውን እሱ ይምራ።

ከዚያ ከፍታ። መዝሙሩን ያወጣው ዘማሪ ድምፁ የትም ይደርሳል፣ ለዚያ ነው አልበም ያወጣው። ጉባኤው ግን ዘማሪ አይደለም። ወንዶችና ሴቶች አንድ ዜማ በኦክታቭ ተራርቀው ነው የሚዘምሩት። ዘማሪው ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ከሆነና እሱ በቀረጸበት ከፍታ ካነሳችሁት ሴቶቹ ወይ በጣም ከላይ ወይ በጣም ከታች ይቀራሉ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ደግሞ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ሰውየው መንፈሱ ስለቀዘቀዘ አይደለም ዝም ያለው። ጉሮሮው አልደረሰም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመዝሙሩን ከፍተኛ ድምፅ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ አዝማቹ ላይ ነው ያለው። ያ ድምፅ ከሬ አይለፍ፣ ለጠዋት ፕሮግራም ደግሞ ዶ ላይ ቢያርፍ ይሻላል፤ ጠዋት የማንም ጉሮሮ አልተከፈተም። ኦሪጅናሉ ፋ ላይ የሚደርስ ከሆነ ትራንስፖዙን ወደታች ሦስት ግማሽ ድምፅ አውርዱት፣ ሬ ላይ ያርፋል። ጊታር ያላችሁ ካፖውን አውልቁና ኮርዱን ቀይሩ። መሪው "ለኔ ወረደብኝ" ካለ፣ ይውረድበት።

መደጋገም፣ ስሜትና መንፈስ

የጥቁር አሜሪካውያን ጎስፕል አንድ ትልቅ ጥበብ አለው። መዝሙሩ ከተዘመረ በኋላ አንድ አጭር ሐረግ ይመረጥና ኳየሩ እየደጋገመው ይቆያል፤ ሶፕራኖ፣ አልቶና ቴነር አንድ በአንድ ይገቡበታል፣ መሪዋ መሃል መሃል እየገባች ትጠራለች፣ ኳየሩ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ እንደገና ግማሽ። ሐሞንድ ኦርጋኑ ከሥር እያጎረመረመ ይከተላል። ቫምፕ ይሉታል። አዳራሹ በእግሩ ይቆማል።

የእኛም መሪዎች ይህን ወደውታል፣ አልፈርድባቸውም፣ እኔም እወደዋለሁ። መጥሪያና መመለሻ ለኛም እንግዳ አይደለም፣ አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን አገራችን ሞልቷል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ለሠለጠነ ኳየር ነው፣ ጉባኤውን ይዛችሁ ሦስት ጊዜ ከወጣችሁ ከላይ ያልኩት የጉሮሮ ጉዳይ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሚደጋገመው ሐረግ መደጋገም የሚችል ይሁን። "አንተ ታማኝ ነህ" ሃያ ጊዜ ቢባል እየከበደ ይሄዳል። "ኦ ኦ ኦ" ሃያ ጊዜ ቢባል ያው ኦ ነው።

መቼ ይቁም? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አታውቁትም። ግለጡት። ሰዉ ከቃሉ ጋር ካለ ቀጥሉ። ሰዓት ማየት ከጀመረ፣ ሕፃን ይዘው የቆሙ ከተቀመጡ፣ ጨርሱ።

"ይሄ ስሜት ነው ወይስ መንፈስ ቅዱስ?" የሚለው ክርክር ሁሌም ይነሳል። ሙዚቃ ሥጋችን ላይ እንደሚሠራ መካድ አያስፈልግም። ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ይረጋጋ ነበር፣ እዚያው አንደኛ ሳሙኤል 16 ላይ ተጽፏል። ድራሙ ሲዘገይ ልብም ይዘገያል፣ የድምፅ ክምር በአንድ ጊዜ ሲቆም ፀጉር ይቆማል፤ ይህ በዓለማዊ ኮንሰርትም ይሆናል። ስለዚህ ሰው ማልቀሱ ለምንም ማስረጃ አይደለም። ማልቀሱ ግን የሚያስጠረጥርም ነገር አይደለም፣ ሰው በሥጋው ነው የሚያመልከው፣ ሌላ ምን አለው? ጳውሎስ በመንፈስ እዘምራለሁ፣ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ ይላል። ሁለቱም ይኑር። እንግዲህ ለእናንተ የሚቀረው ሥራ ይህ ነው፤ እንባን ለማውጣት ብላችሁ ምንም አትሥሩ። ፓስተሩ ለጥሪ ሲቆም ከሥር የሚያስተክዝ ፓድ (ተስቦ የሚቆይ የኪቦርድ ድምፅ) ማጫወት፣ ገና መባ ሊነሳ ሲል ሰውን የሚያባባ መዝሙር ማንሳት፣ እነዚህን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ተዉአቸው። መባ በደማቅ መዝሙር ይነሳ።

በመዝሙር መሃል ብዙ አታውሩ

ሰው ገና ከታክሲ ወርዶ እንደገባ "አልሰማሁም! ለጎንህ ላለው ሰው እንዲህ በለው! ለጌታ እልል በሉ እንጂ!" ብሎ መጮህ ምን ይሉታል? እልልታ ተጠይቆ አይወጣም፣ ከመጣ ይመጣል። ምዕመኑ ደግሞ ጨዋ ነው፣ እልል በሉ ሲባል ይላል። እንደ ታዘዘ ሰው ነው የሚለው እንጂ።

የምትናገሩት ካለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ከቤታችሁ ጽፋችሁት ኑ። መዝሙሩ ከየትኛው ጥቅስ እንደወጣ መንገር ይበቃል። ወይም ጥቅሱን አንብቡና ወዲያው ግቡበት። በሁለት መዝሙሮች መካከል ደግሞ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ ዝም በሉ። ፓድም አይኑር። ኪቦርዲስቱ ይህን ይፈራዋል፣ ጣቱ ይበላዋል። ይቻለው። እዚያ ዝምታ ውስጥ አንዱ ተነስቶ በራሱ ድምፅ ይጸልያል፣ አንዷ የድሮ መዝሙር ታነሳለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይሆንም፣ ጥሩ ነው።

አዲስ መዝሙር

በአንድ እሑድ ከአንድ አዲስ መዝሙር በላይ አታስገቡ። በወር ሁለት ከሆነ በቂ ነው። መጀመሪያ አዝማቹን ብቻ አስተምሩ፣ ያለ ድራም፣ መስመር በመስመር፤ እናንተ በሉት፣ እነሱ ይመልሱት። ስንኞቹን ያን ቀን ኳየሩ ብቻ ይዘምራቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መዝሙር ድገሙት፣ በሦስተኛውም፤ ኳየሩ ሲሰለቸው ጉባኤው ገና መልመዱ ነው። ለልምምድ ጊዜ የሌላችሁ ከሆነ አዲስ መዝሙር ከናካቴው ይቅር፣ የድሮዎቹ አላለቁም።

ሳውንድ

አጭር ነው። ሳውንድ ሚክሰር ላይ ያለው ሰው ከመጨረሻው ረድፍ ሆኖ የጎረቤቱን ዝማሬ መስማት ካልቻለ ድምፁ በዝቷል። ሰው የራሱን ድምፅ ካልሰማ አይዘምርም። ኢኮውን ቀንሱት፣ ግጥሙን ይበላዋል። የመዘምራኑ ማይክ ከመሪው ያንስ። ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎረቤት አታዙሩት፤ ጎረቤት በጩኸት ወንጌል አይሰማም፣ ቀበሌ ነው የሚሄደው።

ለቅሶ ቤት

የመዝሙር ጉልበት ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ነው። የሚያቆስለውም እዚህ ነው።

ለቅሶ ቤት ስትጠሩ ማይክና ኪቦርድ አትውሰዱ። አንድ ጊታር ወይም ባዶ ጉሮሮ። ቤተሰቡ የሚያውቀውን የድሮ መዝሙር ምረጡ፣ ለዚህ ቀን አዲስ አይሆንም። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው የእናንተ ምዕመን ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ። የኦርቶዶክስ ዘመድ አለ፣ ሙስሊም ጎረቤት አለ፣ የእድሩ ሰዎች አሉ። ማጽናናት ነው የመጣችሁት፣ ኮንፈረንስ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ድልና ስለ ደስታ አትዘምሩ። አውቃለሁ፣ የትንሣኤ ተስፋ አለን፣ ይዘመራልም። ግን ሥጋው ገና ከቤት ሳይወጣ እያጨበጨባችሁ ብትገቡ ባልዋን ያጣችው ሴት ማልቀስ የተከለከለ ይመስላታል። "አታልቅሺ፣ ጌታ ጋ ነው" ከሚለው ሰው ጋር መዝሙራችሁ አይተባበር። ኢየሱስ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሳ ሄዶ መቃብሩ ዘንድ ሳይደርስ አልቅሷል።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ እየዘመራችሁ ነው እንበል። ከክፍለ ሀገር የመጣች እህት ከመኪና ትወርዳለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ከድንኳኑ በር ጀምራ የሟቹን ስም እየጠራች ትገባለች። ብዙ ኳየር እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሊሸፍናት። አታድርጉት። ዝቅ በሉ፣ ከዚያም አቁሙ። ትጩህ። የሟቹን እናት ትቀፍ። የሆነ ሰው ውሃ ይሰጣታል፣ ወንበር ይስቡላታል፣ ትንፋሿ ይመለሳል። ያኔ አዝማቹን ከእናንተ አንድ ሰው ብቻ፣ በጣም ዝቅ አድርጎ ያንሳው። ስንኝ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዙር ላይ ራሷ ትገባበታለች።

ቶማስ ዶርሲ የሚባል ሰው ነበር፣ የጎስፕል አባት የሚሉት። መጀመሪያ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሚኖርበት ቺካጎ ርቆ ሴንት ሉዊስ ለአገልግሎት ሄዶ ሳለ ሚስቱ በወሊድ እንደሞተች ቴሌግራም ደረሰው። ሕፃኑም ወዲያው ሞተ። ከዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ የጻፈው መዝሙር ነው በዓለም ዙሪያ የተዘመረለት፤ ማሃሊያ ጃክሰን በ1968 በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀብር ላይ የዘመረችውም እሱን ነው። መዝሙሩ ሐዘኑ አለፈ አይልም። ደክሜአለሁ፣ እጄን ያዘኝ ነው የሚለው። ለለቅሶ ቤት መዝሙር ስትፈልጉ እንዲህ ያለውን ፈልጉ።

በትንሽ ቤት፣ በስልክ፣ በሰው አገር

መሣሪያ የለንም፣ ቦታ የለንም ለምትሉ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ሰዉ በየቤቱ ተደብቆ ሲሰበሰብ ዝማሬው በሹክሹክታ ነበር። በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ። መዝሙሮቹ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ነው አገር ያዳረሱት። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል፣ መዝሙሮቹን ዛሬም ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ይዘምሯቸዋል። ጳውሎስና ሲላስም ፊልጵስዩስ ወህኒ ውስጥ በእኩለ ሌሊት የዘመሩት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ነው፣ እስረኞቹም ያደምጧቸው ነበር ይላል ሐዋርያት ሥራ 16። ስለዚህ አፓርትመንት ውስጥ ከሆናችሁና ጎረቤት ግድግዳ የሚደበድብ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ዘምሩ። ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ እርስ በርስ እንድትሰማሙ። ድራም በጭን ላይ በእጅ ይበቃል።

አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ብዙ ጊዜ ቸርች የላትም፣ ያላት ስልክና ማታ ነው። በስልክ የምትሰበሰቡ ከሆነ ሁላችሁም አብራችሁ ለመዘመር አትሞክሩ። በዙምም በቴሌግራምም ድምፅ ይዘገያል፣ ዝማሬው ይተራመሳል። አንድ ሰው ያስዘምር፣ ሌላው ማይኩን ዘግቶ በያለበት ይዘምር። በዙሩ መሪ ቀያይሩ። ጮክ ብላ መዘመር የማትችለዋ ግጥሙን ተራ በተራ ብታነብም ትካፈላለች። ብቻዋን የምትሰማ ከሆነ ደግሞ ፕሌይሊስቱን እንደ ሬዲዮ ሌሊቱን ከፍታ ከመተኛት አንድ መዝሙር መርጣ ሳምንቱን በሙሉ እሱኑ እያንጎራጎረች ብትሠራ ይሻላታል። ስልኩ ቢወሰድባት እንኳ መዝሙሩ ይቀርላታል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፣ ልጆች። የአሜሪካኖችን ቸርች ከሰዓት በኋላ ተከራይታችሁ ትዘምራላችሁ፣ ልጆቹ ታች ምድር ቤት የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፣ አሥራ ስምንት ሲሞላቸው አማርኛውን መዝሙር አንዱንም አያውቁትም። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መዝሙሮች ላይ አብረው ይቁሙ። ፕሮጀክተሩ ላይ ከፊደሉ ሥር በላቲን ጻፉላቸው፣ ከባድ ቃል ካለ ትርጉሙን ከመዝሙሩ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። እንግሊዝኛውን ከአማርኛው ጋር በአንድ መዝሙር ውስጥ ስንኝ በስንኝ ማደባለቅ ግን አልወደውም፤ ዜማው ለአማርኛው ቃል ተሰፍቷል፣ እንግሊዝኛው ሲገባ ወይ ይተርፋል ወይ ይጎድላል። ሙሉ እንግሊዝኛ መዝሙር አንድ፣ ሙሉ አማርኛ መዝሙር ሦስት ብታደርጉ ይቀላል።

ለሚቀጥለው እሑድ ዝርዝሩን እስከ ሐሙስ ጨርሳችሁ ለሙዚቀኞቹም ለፕሮጀክተሩ ልጅም ላኩ፤ የእያንዳንዱን መዝሙር ከፍታ ከጎኑ ጽፋችሁ። እሑድ ጠዋት "የቱን እናንሳ?" እየተባባላችሁ መድረክ ላይ ካልተያያችሁ ጉባኤውን የምታዩበት ጊዜ ይኖራችኋል።